የተሸነፈ ይነሣል

«ከተመረቅህ ሁለት ዓመት ሊሞላህ ነው። እስከ ዛሬ ምን ስትሠራ ቆየህ?»

ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ አይረሳውም። ጠያቂው ክፉ ሆኖ አይደለም የሚጠይቀው፤ ፊቱ በተዘረጋው ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ስላየ ነው። የትውልድ ዘመን አለ፤ የትምህርት ማስረጃ አለ፤ የምረቃው ዓመተ ምሕረት አለ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ዝም ይላል። ያንን ዝምታ በቃልህ እንድትሞላው ትጠየቃለህ። እኔም በ1999 ዓ.ም. ተመርቄ እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ ሰባት ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ቀርቤ፣ ሰባቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ሰጥቻለሁ፦ «ሥራ እየፈለግሁ ነበር።»

ውሸት አልነበረም፤ ግን እውነቱ ግማሽ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሥራ እፈልጋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ፕሌይስቴሽን ቤት እውላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቅሁት ያንን ከሰዓት በኋላ ነው።

የጠዋቱ ሥራ የሚጀምረው አራት ኪሎ ነበር። በዚያን ጊዜ ሥራ ፈላጊ ጋዜጣ አይገዛም፤ ይከራያል። አዲስ ዘመኑንም ሪፖርተሩንም በጥቂት ሳንቲም ተቀብለህ፣ ከግንብ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ፣ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያውን በጣትህ እየተከተልህ ወደ ታች ትወርዳለህ። ጎንህ የተቀመጠውም እንዳንተው በጣቱ ይወርዳል። የሁላችንም ጣት የሚቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ «የሥራ ልምድ፣ 2 ዓመት»። «ሥራ ካልሰጡት ልምዱን ከየት ያመጣዋል?» ብሎ የሚያጉረመርም አንድ ሰው በየቀኑ አይጠፋም፤ መልስ የሚሰጠው ግን የለም። ባለ ጋዜጣው መጥቶ ሲቀበልህ ብድግ ትላለህ። የአንዱን መሥሪያ ቤት አድራሻ መዳፍህ ላይ ጽፈህ፣ የማስረጃህን ፎቶ ኮፒ በብብትህ ይዘህ ትሄዳለህ።

ፕሌይስቴሽን ቤቱ ደግሞ በሰፈራችን መታጠፊያ ላይ፣ ቀድሞ ከሰል ይሸጥባት በነበረች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር። ግድግዳው በጋዜጣ ቢለበጥም ከሰሉ ከማዕዘኖቹ ጨርሶ አልለቀቀም፤ ነጭ ለብሶ የገባ ሁሉ በጀርባው ይዞት ይወጣል። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2፣ አራት ጆይስቲክ። ከአራቱ የአንዱ ቁልፍ ስለሚጣበቅ፣ እሱ የደረሰው ሰው ጨዋታው ሳይጀመር ሰበቡን ይጀምራል። ከቴሌቪዥኖቹ ፊት ለፊት ተራ ጠባቂዎች የሚደረደሩበት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ከበሩ በላይ፣ ካርቶን ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ሕግ ተለጥፏል፦

«የተሸነፈ ይነሣል። የተሸነፈ ይከፍላል። ዱቤ የለም።»

የምንጫወተው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን ፕሮ ኤቮሉሽን ሶከር 6 ነበር። የዚያን ዘመን ልጅ የሆነ አንባቢ፣ ኢንተር ሚላንን ማን ይያዝ በሚል የሚነሣውን ጠብ ያስታውሳል፤ አድሪያኖ እዚያ ነበርና። ለዚያ ብራዚላዊ 99 የመምታት ጉልበት ተሰጥቶት ስለነበር፣ በግራ እግሩ ከሩቅ የለቀቃት ኳስ በረኛ ፊት አትቆምም። የጨዋታው ሠሪ ኮናሚ የሊቨርፑልን ስም ለመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው ቡድኑን «ሜርሲሳይድ ሬድ» ብሎት ነበር። በእኛ ሰፈር ከሊቨርፑል በፊት ሜርሲሳይድ ሬድን ያወቁ ሕፃናት ነበሩ።

አባቴ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎታል። «ዩኒቨርሲቲ የላክሁህ ሥዕል እንድታባርር ነው?» አለኝ አንድ ቀን። መልስ አልሰጠሁም። አባቴ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር፤ ፋይል የሌለው ነገር ለእርሱ እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። የእኔ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፋይል አልነበረውም። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተቆጣኝም። የባሰውን አደረገ፤ መጠየቅ ተወ። ማታ ስገባ «ዛሬስ እንዴት ዋልህ?» የሚለው ድምፅ ቀረ። እናቴ እራት ታቀርባለች፤ አባቴ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል፤ እኔ እጄን እየታጠብሁ ከጥፍሬ ሥር የከሰል ጥቁረት አወጣለሁ።

ቃለ መጠይቆቹን በቅደም ተከተል ማስታወስ አልችልም፤ እርስ በርስ ተደባልቀውብኛል። በአንደኛው ውኃ ቀርቦልኝ፣ ብርጭቆውን ሳነሣ እጄ ስለተንቀጠቀጠ ሳልጠጣ መለስሁት። በሌላው «ድክመትህ ምንድን ነው?» ተብዬ «ድክመት የለብኝም» አልሁ፤ ሦስቱም ጠያቂዎች እኩል አቀርቅረው ጻፉ። በሰባተኛው፣ አራት ዓመት የተማርሁት የሒሳብ አያያዝ ጥያቄ ሆኖ ሲመጣ ገና ጠያቂው ሳይጨርስ መመለስ ጀመርሁ፤ የመለስሁት ግን ያልተጠየቅሁትን ነበር። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁት ልጆች «ምን ጠየቁህ?» ብለው ከበቡኝ። ከጥያቄዎቹ አንዱም ትዝ አላለኝም።

ያን ቀን በቀጥታ ጌም ቤት ገባሁ። ከረባቴን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ተራዬን ጠበቅሁ። ደርሶኝ የገባሁበት ጨዋታ እስከ ፍጹም ቅጣት ምት ሄደ። ቤቱ ሞልቷል፤ አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ይጮኻል፤ አንዱ ከኋላዬ ትከሻዬን ይዞ ይንጠኛል። የመጨረሻዋን መታሁ፤ ገባች። የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው፣ ከሳንቲም ሣጥናቸው ጀርባ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ፈተና ነበረህ አይደል?»

«ነበረኝ፣ ጋሼ።»

«እንዴት ሆንህ?»

«እጄ ተንቀጠቀጠ።»

«እዚህ ሃያ ሰው ጆሮህ ላይ እየጮኸ ስትመታ አልተንቀጠቀጠም። እዚያ ሦስት ሰው ዝም ብሎ ሲያይህ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

«እዚያማ እንጀራ ነው፤ ይኼ ጨዋታ ነው» አልኋቸው። «እሺ» ብለው ወደ ሳንቲማቸው ተመለሱ።

ማታ ተኝቼ ነገሩን አገላበጥሁት። የሰጠሁት መልስ ልክ አልነበረም። ጌም ቤት ውስጥ እጄ የማይንቀጠቀጠው ጨዋታ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በመጣሁበት የመጀመሪያ ሳምንት እዚያም ተንቀጥቅጦ ነበርና። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ 6 ለ 0 አሸንፎኝ፣ ቤቱ በሙሉ ስቆብኝ፣ ፍራንኬን ከፍዬ ተነሥቻለሁ። ተነሥቼ ግን ወደ ቤቴ አልሄድሁም፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ። ልጁ በምን እንዳሸነፈኝ፣ ኳሷን ሲያገኝ ወደየት እንደሚዞር፣ የትኛውን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ እንደሚጫን እያየሁ ተራዬ እስኪደርስ ጠበቅሁ። ሁለተኛው ቀን 4 ለ 0 ሆነ። እኩል ለመውጣት ወር ፈጀብኝ። በሰው ፊት መሸነፍ ምን ያህል እንደሚያም፣ ሕመሙም ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ጠንቅቄ ካወቅሁ በኋላ ነው እጄ ያረፈው።

በቃለ መጠይቅ ግን የተሸነፍሁ ቀን ሁሉ የመጨረሻዬ ይመስለኝ ነበር። ተነሥቼ እሄዳለሁ እንጂ አግዳሚው ላይ ተመልሼ አልቀመጥም። በምን እንደተሸነፍሁ አላይም።

ጌም ቤታችን ውስጥ አንድ አባባል ነበር፦ «አንድ ዓይነት ጎል ሁለቴ ከገባብህ ጥፋቱ የአድሪያኖ አይደለም።» በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። ትዝ ያሉኝን ጥያቄዎች በግራ በኩል፣ የመለስሁትን በቀኝ በኩል ጻፍሁ። የጠፉብኝን ጥያቄዎች ለማስታወስ ሦስት ቀን ወሰደብኝ፤ አንዳንዶቹ ታክሲ ውስጥ፣ አንዳንዶቹ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ነበር የሚመጡልኝ። ተጽፈው ሲያልቁ ገረመኝ። በሰባት ቃለ መጠይቅ ውስጥ የተጠየቅሁት ከሙያው ጥያቄ ውጪ አሥር እንኳ አይሞላም ነበር። ስለ ራስህ ንገረን፤ እኛ ዘንድ ለምን አመለከትህ፤ ድክመትህ ምንድን ነው፤ በሰዎች መካከል አለመግባባት ሲፈጠር ምን አደረግህ፤ ደግሞም ያ ባዶ ቦታ። እንደ ማንኛውም ተጋጣሚ ጠያቂም ልማድ አለው። ልማዱ የሚታየው ግን ተሸንፎ ለተመለሰ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲያ ተራ በምንጠብቅበት ጊዜ አግዳሚው ወንበር የፈተና ቦርድ ሆነ። የታክሲ ረዳት የነበረ ጓደኛችን ሰብሳቢነቱን ያዘ፤ ከእርሱ የከፋ ሰብሳቢ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አይስቅም፤ ራሱን አይነቀንቅም፤ መልሴ ሲረዝም «ወራጅ አለ!» ብሎ ያቋርጠኛል። አሥረኛ ክፍል የሚማር ሌላ ልጅ ጥያቄዎቹን ከደብተሬ ላይ ያነባል። መልሱን ያበላሸ ተራውን ይለቅቃል የሚል ሕግ ወጣብኝ። ብዙ ተራ ለቀቅሁ።

አንዱ ጥያቄ ግን በልምምድ ሊፈታ አልቻለም። ሰብሳቢያችን «እስከ ዛሬ ምን ስትሠራ ቆየህ?» ሲለኝ እንደ ልማዴ «ሥራ እየፈለግሁ» አልሁት።

«ውሸታም! የውድድሩን መዝገብ ማነው የሚይዘው?» አለኝ።

እውነቱን ነበር። በየሁለት ወሩ ውድድር እናካሂድ ነበር። 32 ተጫዋች፣ ከእያንዳንዱ 5 ብር፣ በድምሩ 160 ብር። ለአንደኛ 80፣ ለሁለተኛ 30፣ የቀረው 50 ለቤቱ። ሒሳብ የተማርሁ ስለሆንሁ ጋሼ መዝገቡንም፣ ገንዘቡ የሚቀመጥበትን የወተት ቆርቆሮም ለእኔ ሰጥተውኝ ነበር። 31 ጨዋታ በየተራ ማስያዝ፣ የቀረውን መጥራት፣ የተሸነፈውን ማረጋጋት የእኔ ድርሻ ነበር። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ በሆነ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ከበደ። አንድ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ 70ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ፤ አንዱ 1 ለ 0 ይመራ ነበር። «አሸንፌያለሁ» «አላሸነፍህም» ተባብለው ሁለት ጓደኛሞች በጨለማ ሊደባደቡ ተያያዙ። ያን ማታ ሻማ አብርቼ ሕግ ጻፍሁ። መብራት በመጀመሪያው አጋማሽ ከሄደ ጨዋታው እንደገና ይጀመራል፤ በሁለተኛው አጋማሽ ከሄደ የሚመራው ያልፋል፤ እኩል ከሆኑ ዕጣ ይወጣል። ሁሉም ፈረሙበት። ከዚያ በኋላ መብራት ብዙ ጊዜ ሄዷል፤ ጠብ ግን አልተነሣም።

በወረቀቴ ላይ ያለው ቦታ ባዶ አልነበረም ማለት ነው። ባዶ ያደረገው እፍረቴ ነበር።

ለስምንተኛው ቃለ መጠይቅ በተጠራሁበት ዋዜማ፣ ወደ ቤት ስመለስ አባቴን ከቀበሌው አጥር ሥር አገኘሁት። ዳማ ይጫወታል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከሰዓት በኋላ የሚውለው እዚያ ነበር፤ ካርቶን ላይ በከሰል የተሠመረ ገበታ፣ ግማሹ በፊቱ ግማሹ በጀርባው የተደፋ ቆርኪ፣ ዙሪያውን ተራቸውን የሚጠብቁ ሽማግሌዎች። ለወትሮው አልፌው እሄዳለሁ። ያን ቀን ቆሜ አየሁት። ተጋጣሚው ቆርኪ አንሥቶ ካሰበ በኋላ ወደ ቦታው ሊመልሰው ሲል አባቴ እጁን ዘረጋ። «የነካ ይጫወታል» አለው። ሰውዬው ተጫወተ፤ ተበላም።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«ነገ ፈተና አለብህ አሉ።»

«አዎ፣ አባዬ።»

ከእናቴ ሰምቶ ነበር ማለት ነው። ብዙ ወር ያልሰማሁት ድምፅ ስለሆነ ሌላ ነገር እስኪጨምር ቆሜ ጠበቅሁ። ቆርኪዎቹን መልሶ እየደረደረ፣ ወደ እኔ ሳያይ «ሳትነካ አስብ» አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። ለእኔ የተሰጠ ምክር ይሁን ለተጋጣሚው የተሰጠ ተግሣጽ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። እኔ ግን ተቀብዬው ገባሁ።

በማግስቱ ከጠረጴዛው ማዶ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሰብሳቢው፣ መነጽር ያደረጉ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሴት፣ ጥግ ላይ የሚጽፍ ወጣት። የሙያውን ጥያቄ ሲጠይቁኝ እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ከጨረሱም በኋላ ትንሽ ቆየሁ። ዝም ያልሁበት ጊዜ ለእኔ ረጅም ነበር፤ ለእነርሱ ግን ትንፋሽ እንደ መውሰድ ሳይሆን አልቀረም። ሳልነካ አሰብሁ። ከዚያ መለስሁ። አንዱን ደግሞ «ይህን አላውቀውም» አልሁ፤ ይህን ቃል በፈተና ክፍል ውስጥ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጣሪያውም አልተደረመሰም።

በመጨረሻ ያ ጥያቄ መጣ። «እስከ ዛሬ ምን ስትሠራ ቆየህ?»

«ጠዋት ሥራ እፈልጋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሰፈራችን ባለው ፕሌይስቴሽን ቤት የውድድር መዝገብ እይዛለሁ» አልሁ። ሰብሳቢው ሣቁ። ሣቁ እንደሚመጣ አውቅ ስለነበር እስኪያልቅ ጠበቅሁት። ስለ 32ቱ ተጫዋቾች፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ መብራቱ ሕግ በአጭሩ ነገርኋቸው። ሰብሳቢው አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ሌላ ገጽ ሊያልፉ ሲሉ ሴትየዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ገንዘቡ ጎድሎ ያውቃል?»

«አንድ ጊዜ፤ 5 ብር ጎድሎ ነበር።»

«ምን አደረግህ?»

«ከኪሴ ተካሁት። መጉደሉንም መተካቴንም መዝገቡ ላይ ጻፍሁ።»

«ከተካኸው ለምን ጻፍኸው?»

«ስለጎደለ» አልሁ።

ሴትየዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ምን እንደጻፉ አላየሁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱ በመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ስሜ ከላይ አልነበረም። ከታች፣ «1ኛ ተጠባባቂ» በሚለው አንጻር ተጽፏል። ጌም ቤት ገብቼ ስነግራቸው ሳቅም ሐዘንም መጣ። «ተጠባባቂም ማልያ ይለብሳል» አለኝ የታክሲ ረዳቱ ሰብሳቢያችን። ማታ ለአባቴ ነገርሁት። የጠየቁኝን፣ የመለስሁትን፣ ስለ ፕሌይስቴሽን ቤቱ የተናገርሁትንም ሳልደብቅ አወራሁለት። ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ ነበር የሰማኝ። ስጨርስ «አምስቱን ብር መጻፍህ ደግ አደረግህ» አለ፤ ወዲያው ሬዲዮውን መልሶ ከፍ አደረገው።

አንደኛ የወጣው ሰው ሌላ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሳይቀርብ ቀረ። በጥሪው ገባሁ። ታሪኬ ይኸው ነው፤ ጀግንነት የለበትም። ሌላው ሰው ቢመጣ ኖሮ ዘጠነኛውን ቃለ መጠይቅ እጠብቅ ነበር። ልዩነቱ፣ እንደምጠብቅ አውቀው ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ የተማሩ ሰዎች ስለ ነገሩ የጻፉትን ማንበብ ጀመርሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሾን ግሪንና ዳፍኒ ባቬሊዬ የተባሉ የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ የጦርነት ጨዋታ ለአሥር ቀን በቀን አንድ ሰዓት የተጫወቱ ሰዎች፣ ቴትሪስ ከተጫወቱት ይልቅ ዓይናቸው ብዙ ነገርን በአንድ ጊዜ መከታተል መቻሉን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በኒውዮርክ በ33 የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። በቀደመ ዘመናቸው በሳምንት ከሦስት ሰዓት በላይ ጌም ይጫወቱ የነበሩት፣ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ሲለማመዱ፣ ካልተጫወቱት 37 በመቶ ያነሰ ስሕተት ሠሩ፤ 27 በመቶም ፈጠኑ። ልምምዱ ግን በሰው ገላ ላይ አልነበረም፤ ጥሩ እጅ ያለው ሰው ጌም ይወድዳል ወይስ ጌም ጥሩ እጅ ይሰጣል የሚለውንም ጥናቱ አይቋጨውም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ጨዋታው ራሱ ወደ ፈተናው ክፍል መግባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ የፊኛ ጨዋታ አወጡ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊኛ በነፋህ ቁጥር ጥቂት ሳንቲም ታገኛለህ፤ ከፈነዳ የሰበሰብኸውን ታጣለህ፤ መቼ እንደሚፈነዳ አታውቅም። ሰው ምን ያህል ይደፍራል፣ ከፈነዳበትስ በኋላ እንዴት ይነፋል የሚለውን ለመለካት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኒሊቨር የተባለው ትልቅ ኩባንያ አዲስ ምሩቃንን ሲመለምል እንደነዚህ ያሉ ጨዋታዎችን ማስጫወት ጀመረ። ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። «ሥዕል እንድታባርር ነው ወይ?» ያለው አባቴ፣ ሥዕል ያላባረረ ሰው ሥራ የማይገባበት ቦታ መኖሩን ቢሰማ ምን ይል ነበር? እኔ ግን በፊኛው መመዘን አልወድም። ፊኛው የሚያየው ጣትህን ነው፤ ለምን 5 ብር እንደጻፍህ አይጠይቅህም።

ጌም ሥራ ያስገኛል ብዬ ማንንም አላታልልም። አግዳሚው ወንበር ላይ አብረውኝ ከተቀመጡት መካከል ከእኔ የበለጡ ተጫዋቾች ነበሩ። አንዱ፣ ያ 6 ለ 0 ያሸነፈኝ ልጅ፣ ትምህርቱን ለጆይስቲክ ብሎ ተወው፤ ጌም ቤቱ ሲዘጋ የሚሄድበት አልነበረውም። ጣቶቹ ከእኔ ጣቶች ይፈጥኑ ነበር፤ ፍጥነታቸው ግን ከዚያች የከሰል ክፍል አብሮት አልወጣም። ምናልባትም ሁልጊዜ ያሸንፍ ስለነበር ይሆናል፤ ከወንበሩ የመነሣትን ነገር የተለማመደው በጣም ዘግይቶ ነው። ከጨዋታው ወደ ሕይወት የሚሻገረው እጅ አይመስለኝም። እየታዩ መሥራት፣ ተሸንፎ ከፍሎ መነሣት፣ አግዳሚው ላይ ተመልሶ ዓይንን ከፍቶ ተራን መጠበቅ ነው የሚሻገረው። ይህን ደግሞ አባቴ በቆርኪ፣ እኔ በጆይስቲክ፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ ሳንተያይ እንማረው ነበር።

አባቴ ዛሬ የለም። ቆርኪዎቹን እናቴ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣቸዋለች።

እኔ አሁን ከጠረጴዛው ማዶ ነኝ። በቅርቡ አንድ ወጣት ቀረበ፤ ወረቀቱ ላይ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ዝምታ ነበረበት። ባልደረባዬ የተለመደውን ጠየቀው፤ እሱም የተለመደውን መለሰ። «ሥራ እየፈለግሁ ነበር።» ጠረጴዛው ላይ ያረፉት እጆቹ አልተንቀጠቀጡም፤ ሁለቱ አውራ ጣቶቹ ግን የማይታይ ነገር በቀስታ ይጫኑ ነበር። አወቅሁት። ምን እንደሚጫወት ልጠይቀው ቃጣኝና ተውሁት።

«ተሸንፈህ የተመለስህበትን አንድ ነገር ንገረን» አልሁት።

አውራ ጣቶቹ ቆሙ። ባልደረባዬ ሰዓቱን አየ። እኔ ጠበቅሁ። ልጁ ሳይነካ እያሰበ ነበር።